የማይጎድሉት ባትሪዎች

ስለ ባትሪ ምንም እንዳትጠይቁኝ። የእጅ ስልኬ እንኳ ሊዘጋ ሲል «ይዘጋ፣ እሱም ይረፍ» ብዬ የምተወው ሰው ሆኛለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። እንዲህ ያደረገኝ አንድ ደብዳቤ ነው።

ያን ጊዜ ከቆሰበር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠራው ትንሽ የጦር ካምፕ ውስጥ በሲቪልነት እሠራ ነበር። ንብረት ክፍሉ እኔ ነበርኩ፤ መዝገብ ቤቱም እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ክፍሎች ደብዳቤ ሲጻጻፉ ጻፊዋም ተቀባይዋም እኔ፣ መልስ ዘገየ ብዬ የምቆጣውም እኔ። ወታደሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ለግዳጅ ስለሚወጡ ካምፑ ውስጥ የምንቀረው ካምፑን የሚመሩት ሻለቃ፣ ወጥ ቤቷ ጥሩዬ፣ የበር ጥበቃው አያ ይርሳው፣ ጥቂት የቢሮና የጽዳት ሠራተኞች፣ እኔና ዝናቡ ነበርን። ዝናቡን የቆጠርኩት በእኛ አገር ቋሚ ሠራተኛ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤው «ስለ አዲሶቹ የመገናኛ ሬዲዮ ባትሪዎች አያያዝ የአንድ ቀን ስልጠና ስለሚሰጥ አንድ ሰው ይላክ» ይላል። መሄድ የነበረበት የመገናኛ ባለሙያው አስር አለቃ ነበር፤ እሱ ግን ከወታደሮቹ ጋር ወጥቷል። ሻለቃው ደብዳቤውን አገላብጠው አዩና፣

«ባትሪ ንብረት ነው አይደል?» አሉኝ።

«ነው» አልኩ። በሕይወቴ ከመለስኳቸው መልሶች ሁሉ እንደዚያ ዕረፍት የነሳኝ የለም።

ባሕር ዳር ሄድኩ። አሰልጣኙ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ መጥፎ ዜና ሲናገር ፈገግ የሚል ሰው ነበር። ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ክብደቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ከተበላሸ ግን ክብሪት ሳያስፈልገው ራሱን ያነዳል አለን። ከዚያ ፊልም አሳየን። በፊልሙ ውስጥ አንድ የንብረት ክፍል አለ፤ መደርደሪያ፣ ካርቶን፣ በሩ ላይ የተሰቀለ የሠራተኛ ጋውን። አንዷ ባትሪ ትጨሳለች፣ ጎረቤቷ ትቀበላታለች፣ ከዚያ ክፍሉ ሙሉ እሳት ነው። ሌላው ሰልጣኝ እሳቱን ሲያይ እኔ ያየሁት ጋውኑን ነው። ቁርጥ የእኔን ይመስላል።

ከነዳጅ አርቁ አለን። ሙቀት አታስጠጉ። አልጋና ጨርቅ ላይ ቻርጅ አታድርጉ። ያበጠች ባትሪ ካያችሁ ከሌሎቹ ለዩና ዳግመኛ እንዳትሰኳት። በመጨረሻ ያለው ነው ጉድ ያፈላብኝ፤ ለወራት የምትቀመጥ ባትሪ ሙሉም አትሁን፣ ባዶም አትሁን፤ ግማሽ ትሁን።

እኔ ከመመለሴ ባትሪዎቹ ደረሱ፤ ሃያ አራት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ደረቅ ሳሙና ያህል። ጎናቸው ላይ ቁልፍ ነገር አለች፤ ስትጫን ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ። አራት ከበራ ሙሉ ነው፣ ሁለት ከበራ ግማሽ። የላካቸው ሰው ደግ ስለነበር «ሁሉንም ሞልተን ልከናል» የሚል ወረቀት አያይዟል። ወታደሮቹ እስኪመለሱ ድረስ ለወራት መቀመጣቸው ነው። ሃያ አራት ጊዜ ፈረምኩ።

ሠራተኞቹን በሻለቃው ቢሮ ሰብስቤ የሰማሁትን ሁሉ አስረዳሁ። ከዚያ መጋዘኑን ዞር ብዬ አየሁት። ድንኳን፣ ጫማ፣ ሁለት በርሜል ነጭ ጋዝ፣ የመሣሪያ ዘይት፣ ለወጥ ቤት የሚሆን ስምንት ጆንያ ድንች። ጋዙን ወደ ወጥ ቤቱ ጓሮ ላዛውር ብል ጥሩዬ በሩ ላይ ቆመች።

«ባትሪሽ እንዳይቃጠል እኔ ልቃጠል?»

እውነቷን ነው። ጋዙ ወደ መሣሪያ ቤት ሄደ። የመሣሪያ ቤቱ ዕቃ ወደ ድንኳን ክፍል ሄደ። ድንቹ እርጥበት ስላለው ከባትሪ ጋር አይሆንም፤ መሄጃ አጥቶ ሻለቃው ቢሮ መተላለፊያ ላይ ተደረደረ። ሻለቃው ለሳምንታት በድንች ላይ እየተራመዱ ቢሮ ገቡ። አንድ ቀን ብቻ ቆም ብለው «ይሄ እኮ መብቀል ጀምሯል» አሉ።

እሳቸውም ሊረዱኝ ሞክረዋል። «የጥይት ሳጥን አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፤ እዚያ ውስጥ ክተቻቸው።»

«መዘጋቱ ነው ችግሩ ሻለቃ። አንዷ ብትበላሽ ከውስጧ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ያጣና ሳጥኑ ራሱ ይፈነዳል ተብለናል።»

ሻለቃው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የላኩልን ባትሪ ነው ወይስ ሙሽራ?»

ደረቅ አሸዋም ያስፈልግ ነበር። የእኛ ሰፈር አፈር ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ስለሆነ አሸዋ ፍለጋ ዳንግላ ወረድኩ። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አሸዋ ይዤ በጋሪ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ባለጋሪው ዞር ብሎ «ቤት ልትሠሪ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ለባትሪ ነው።»

ፈረሱን ቸብ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ በሐዘኔታ «ሲሚንቶውስ?» አለኝ። 

አሁን ቀሪው ነገር ባትሪዎቹን ግማሽ ማድረግ ነው። ቻርጀር ይሞላል እንጂ አያጎድልም። ለሙከራ የተላኩ አራት ሬዲዮዎች ነበሩን፤ ሬዲዮ ደግሞ ባትሪ የሚበላው ሰው ሲያወራበት ነው። ስለዚህ አንዱን ለጥሩዬ ሰጠኋትና መጋዘኔ ገብቼ ጠራኋት።

«ጥሩዬ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል። ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ጥሩዬ ስለ ባሏ ሁለት ባትሪ አወራችኝ። ስለ አማቷ ሦስት። የጎረቤቷ የአጥር ጉዳይ ግን በአንድ ባትሪ አላልቅ ብሎ ሌላ ቀየርንለት። ተራው የእኔ ሲሆን የማወራው ስለሌለኝ የዕቃ መዝገቤን አነበብኩላት። «አካፋ እጀታ ያለው፣ ዘጠኝ። አካፋ እጀታ የሌለው፣ አራት። እጀታ ብቻ፣ ስድስት።» ጥሩዬ እንደ ተረት ሰማችኝና «እጀታዎቹን አካፋዎቹ ላይ ለምን አትሰኳቸውም?» አለች። በዚያ ካምፕ ማንም ያላነሳው ጥያቄ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሻለቃው አስጠሩኝ።

«ሦስተኛው ሬዲዮ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ጠረጴዛዎ ላይ።»

«ክፍት ነው» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለመሆኑ ጥሩዬ ከሽሮዬ ጨው የምትቀንሰው ለደም ግፊቴ ብላ ነው?»

«ለደም ግፊትዎ ብላ ነው ሻለቃ።»

«በሬዲዮ የሰማሁት ሌላ ነው» ብለው በእጃቸው አሰናበቱኝ።

ዓርብ ማታ ቤቴ ስገባ ድምፄ ተዘግቶ ነበር፤ ግን ሃያ አራቱም ባትሪዎች ሁለት ሁለት መብራት ላይ ነበሩ። መዝገብ ላይ አሰፈርኩ። ሰኞ ጠዋት መጋዘኑን ከፍቼ የመጀመሪያዋን ጫንኩ። አራት መብራት። ሁለተኛዋን ጫንኩ። አራት። ሃያ አራቱም ሙሉ ናቸው።

እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ጀመርን። ባል፣ አማት፣ አጥር፣ አካፋ። ዓርብ ሁለት መብራት፤ ሰኞ አራት መብራት። ለአሰልጣኙ ደወልኩለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ «ባትሪ በራሱ ይጎድላል እንጂ በራሱ አይሞላም እህቴ» አለኝ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ግን ደህና ነሽ?» አለ። በሦስተኛው ሳምንት ጥሩዬ ሬዲዮዋን ይዛ መጥታ መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ አለች።

«ወሬ አለቀብኝ እኮ! ባሌን ከመጀመሪያው ልጀምረው?»

«ጀምሪው» አልኳት። ምን አማራጭ አለኝ?

የቸርቻችን የረቡዕ ጸሎት ላይ እንኳ ሰላም አላገኘሁም። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «ሙላን! ሙላን!» ሲል እኔ አፌን ገጥሜ እቆማለሁ። የእኔ ችግር ሌላ ነው፤ የእኔ አልጎድል ያለ ነው። አጠገቤ የምትቆም እህት ዝምታዬን አይታ ልቤ የደነደነ መሰላትና ለብቻዬ ጸለየችልኝ። እሷም ያለችው «ሙላት» ነው።

አራተኛው ሳምንት ላይ አንዷ ባትሪ ሬዲዮው ውስጥ አልገባም አለች። አወጣኋትና አየኋት። ሆዷ ተነፍቷል። ያ የፊልሙ ጋውን ታየኝ። ቀስ ብዬ ውጭ ከመጋዘኑ ጀርባ ወስጄ ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኳት፣ የዳንግላ አሸዋ አለበስኳት፣ ለሻለቃው በጽሑፍ አመለከትኩ። «እስኪወሰን ድረስ ባለበት ይቆይ» ብለው መሩበት። ዓርብ ነበር።

እሑድ ጠዋት አምልኮው ሳያልቅ ተነስቼ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ ያቺ ባልዲ ከዓይኔ አልጠፋ ብላ ነው። ባጃጅ ይዤ ካምፑ ደረስኩ። በሩ ላይ አያ ይርሳው የሉም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። አሸዋው ላይ ባትሪዋ የነበረችበት ጉድጓድ ብቻ አለ። መጋዘኑ በትርፉ ቁልፍ ተከፍቷል፤ ትርፉ ቁልፍ የሚቀመጠው ጥበቃ ቤት ነው። መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው።

አያ ይርሳውን ላስተዋውቃችሁ። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ያለ ገጠር ተወልደው በአዊኛ አፋቸውን የፈቱ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ይርሳው ይሁን እንጂ የሚረሱት ነገር አልነበረም፤ የገባውን መኪና ታርጋ ከወር በኋላ ይነግሯችኋል። ባትሪ የሚሰርቁ ሰው አልነበሩም። ይህን እያሰብኩ የጥበቃ ቤቱን በር ገፋሁት።

አያ ይርሳው በርጩማ ላይ፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አልጋቸውን ይጠብቃሉ። አልጋው ላይ፣ በብርድ ልብሱ ላይ፣ ባትሪዎቼ በቻርጀር ላይ ተሰልፈዋል። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። አልጋው ሥር ከሰል ማንደጃው ፍም ሞልቶ ቀልቷል።

«አያ ይርሳው! ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ በኩራት። «ሊሞሉልሽ ትንሽ ነው የቀራቸው።»

«ያበጠችውስ የት አለች?»

በአገጫቸው አሳዩኝ። ከማንደጃው አጠገብ ቻርጀር ላይ ተሰክታ፣ በአሮጌ ሻርፕ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። «ብርድ መትቷት ነው» አሉ። «በዚህ ዝናብ ውጭ ጣልሻት፤ እንኳን ባትሪ ሰውም ያብጣል። ትንሽ አሙቄ ሰካኋት።»

ያን ጊዜ ሻርፑ ውስጥ «ስስስ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የጥፍር ቀለም የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታው።

«ይውጡ! ይውጡ ከዚህ!» ብዬ ማከፋፈያውን ከግድግዳው ነቀልኩ። እኔ እየጮህኩ እሳቸው አልጮኹም። ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ ከበሩ ጀርባ አካፋ አነሱ፣ ባትሪዋን ከነሻርፗ ከነቻርጀሯ ዝቀው አካፋውን ከሰውነታቸው አርቀው ወጡ። አልሮጡም። ሜዳው መሃል ድረስ ተራምደው ደፏትና ዞሩ። አስር እርምጃ ሳይርቁ ነጭ ጭስ ቡልቅ አለ፤ ከዚያ እንደ ብየዳ ዓይን የሚያሳውር እሳት። ተንጣጣች። አጥሩ ዳር ሲግጡ የነበሩት ፈረሶች ጋማቸውን ነስንሰው ሸሹ። እኔም ከፈረሶቹ ብዙ ወደ ኋላ አልቀረሁም።

የቀሩትን ሃያ ሦስቱን አንድ በአንድ አውጥተን በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አራርቀን ዘረጋናቸው። ማንደጃውን አወጣን። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር ነገር ጭሱን እስኪጨርስ ከሩቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ያካፋል።  ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣሁ።

«ለምን አያ ይርሳው? ለምን ይሞሏቸዋል?»

«የሚያጎድላቸው ሰው አለ» አሉኝ በሹክሹክታ። «በየሳምንቱ እሞላለሁ፤ ቅዳሜ መጥቼ ሳይ ግማሽ ናቸው። ሌባው ማን እንደሆነ አልደረስኩበትም።»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

ተያየን። አንድ ወር ሙሉ እኔ ማን እንደሚሞላቸው፣ እሳቸው ማን እንደሚያጎድላቸው ስናስስ ከርመናል። ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ሜዳውን እያዩ መናገር ጀመሩ።

«ወጣት ሆኜ ግንባር ሳለሁ የመገናኛ ሬዲዮ የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ሆነን አንድ ኮረብታ ያዝን። ጠዋት ሻምበሉ በሬዲዮ ጠራን። ‹ከኮረብታው› አለ። እሱን ሰማሁ። ከዚያ ባትሪዋ ሞተች።»

«ከኮረብታው ምን?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ውረዱ ይሁን፣ አትውረዱ ይሁን። ቃሉ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፤ መጨረሻው አልደረሰኝም። ተማከርን፤ ካላወቅን አንንቀሳቀስ አልን። ለካ ሌላው ሁሉ ወርዶ ኖሯል። ከዘጠኛችን ሁለት ተመለስን።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ባትሪዋን የያዝኩት ሙሉ ናት ብዬ ነበር። አላየኋትም። አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ነበረብኝ።»

 ያን ሁሉ ሳምንት በባትሪ ስቀልድ ነበር። ስለ ግማሹ ነገር አስረዳኋቸው፤ ሙሉ ሆና ብዙ የምትቀመጥ ባትሪ እንደምትጎዳ፣ ሙቀትና ጨርቅ እንደማትወድ፣ ያበጠች እንደማትድን። ረስተው ስለማያውቁ አንዱንም ሁለቴ አልጠየቁኝም።

«ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ ብቻ።

እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። ሻለቃው ቢሮ ሁሉንም ሠራተኛ ሰብስቤ አስረድቻለሁ ብያችሁ ነበር። ሁሉንም አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ በሩን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋልና አያ ይርሳው በር ላይ ቀሩ። ለጽዳት ሠራተኛዋ ነግሬያለሁ፣ ለጥሩዬ ነግሬያለሁ፣ የመጋዘኑን ትርፍ ቁልፍ ለያዘው ሰው ግን አልነገርኩም።

ሰኞ የአደጋ ሪፖርት ጻፍኩ። «የአደጋው መንስኤ» በሚለው ላይ «የንብረት ክፍሉ ለጥበቃ ሠራተኛው ስለ አያያዙ ባለማስረዳቱ» ብዬ አሰፈርኩ። አያ ይርሳው እንደ ምስክር ሊፈርሙ መጡና አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩ።

«የእኔ ስም የት አለ?»

«አያስፈልግም። ከሥራ ሊያስወጣዎት ይችላል።»

«ጻፊው» አሉ።

«አያ ይርሳው፣ እባክዎን...»

«ጻፊው ልጄ። ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም። ዘጠኝ ሄዶ ሁለት ሲመለስ፣ ባትሪዋን የያዘው ማን ነው ያለ አንድ ሰው የለም። ዛሬ ይጠይቁኛል፣ ነገ ይጠይቁኛል እያልኩ አረጀሁ። አሁን ጊዜው ደርሷል፤ ባትሪዋን የሰካት ይርሳው ነው ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ሁለታችንም ፈረምን።

ሻለቃው ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።  ከዚያ ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ሃያዎቹ ባትሪዎች በግማሽ እንዲቀመጡ፣ ሦስቱ ግን ለድንገተኛ ነገር ሁልጊዜ ሙሉ ሆነው በአያ ይርሳው ኃላፊነት እንዲያዙ አዘዙ፤ የሚሞሉት ቀን ቀን ብቻ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ሰው ባለበት፣ በየተራ እየተቀያየሩ። «እሱ ያያቸዋል» አሉ። ስለ ኮረብታው የነገራቸው የለም፤ ሪፖርቱ ውስጥም አልጻፍኩትም። ግን እሳቸውም ወታደር ናቸው።

ማስጠንቀቂያዎቹን የጻፍኩት መዝገብ ቤት ስለሆንኩ እኔው ነኝ። ለራሴ «ይህ ዓይነቱ ቸልተኝነት ቢደገም ጠንከር ያለ እርምጃ ይወሰዳል» ብዬ ጽፌ፣ አንብቤ፣ ደንግጬ፣ ፋይሌ ውስጥ አስገባሁት። በዚያው ሳምንት ጥሩዬ ከባሏ ታረቀች፤ ይህ ለእሷ ደስታ ቢሆንም ሃያ ባትሪ ለማጉደል የሚበቃ ወሬ አሳጣን።

አያ ይርሳው ማስጠንቀቂያቸውን ቆመው ተቀበሉ፣ በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። በማግስቱ ጠዋት ግን ሥራ ሳልጀምር ተመልሰው መጡ። ወረቀቱን ዘርግተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና በጣታቸው ግርጌውን አሳዩኝ።

«ማህተሙ ደብዝዟል» አሉ። «አይነበብም።»

ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያ ጽፌለታለሁ። የቀደደ አይቻለሁ፣ ያለቀሰ አይቻለሁ፣ አልቀበልም ብሎ የተሟገተኝ አለ። ማህተሙ ይጉላልኝ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። ማህተሙን ቀለም ውስጥ አጥልቄ፣ ወረቀቱን አስተካክዬ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ተጭኜ መታሁላቸው። እስኪደርቅ እፍ እያሉ ጠበቁ።